እህል የሚያልፍበት፣ ሰው የማያልፍበት ኬላ

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ጉዞ ደጋውንም ወይና ደጋውንም ቆላውንም ይረግጣል። ላይ ገብስና ባቄላ፣ ዝቅ ሲል ጤፍ፣ ታች ማሽላ። ከአምባው ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ደግሞ እስከ አዋሽ የሚዘረጋውን የአፋር ሜዳ በጭጋግ ውስጥ ያያል። ገበያውም እዚህ የቆመው ለዚሁ ነው። ደገኛው እህሉን፣ የይፋቱ ሰው ጥጡን፣ አፋሩ ጨውና ፍየሉን ይዞ የሚገናኝበት ደረጃ ነው። አንዱ ዘንድ ሲጠፋ ሌላው ዘንድ በሚገኝበት እንዲህ ባለ አገር ርሃብ እንዴት ሊገባ ቻለ?

ስለ ርሃብ ስናወራ ብዙ ጊዜ ከሰማይ እንጀምራለን፤ ዝናብ ቀረ፣ አንበጣ ወረደ እንላለን። እነዚህ እውነት ናቸው። ግን ዝናብ የቀረባቸው፣ ሰው ግን ያላለቀባቸው ዓመታትም አሉ። ልዩነቱን ለማግኘት ደመናውን ትተን እህሉ በየት በኩል እንዳለፈ፣ ማን አሳላፊ እንደነበረ፣ ማን ደግሞ ኬላ ላይ እንደቆመ መከተል ይሻላል።

1833–1840፦ እንግሊዞች በይፋት ዳገት

በሐምሌ 1833 ዓ.ም. ሻምበል ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ ይፋት ደረሰ። የሸዋ በር ፋሬ ነበረች። ከዚያ ዳገቱን ይዞ በአሊዩ አምባ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ወጣ። ቆላውን በንጉሡ ስም የሚያስተዳድረው ወላስማ መሐመድ ነበር፤ ወላስማ የጥንቱ የይፋት ሱልጣኖች ስም ነው። የሐረር ነጋዴ፣ አርጎባው፣ አፋሩ አሊዩ አምባ ላይ ይሰፍራል፤ አቅራቢያው ባለው አብዱል ረሱል ገበያ ደግሞ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። በኅዳር 1834 ሀሪስና ሣህለ ሥላሴ የወዳጅነትና የንግድ ውል ፈረሙ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሐኪም መጥቶ አሊዩ አምባ ውስጥ ቤት ይዞ ተቀመጠ፤ ስለ ገበያውና ስለ ሰዉም መጽሐፍ ጻፈ።

እነዚህ እንግሊዞች ስለ ሸዋ ድህነት፣ ስለ ንጉሡ ፍጹም ሥልጣን፣ ስለ ገባሩ ሸክም ብዙ ጽፈዋል። ሀሪስ ወደ አገሩ በተመለሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን የገዛ መንግሥቱ በሚገዛት አየርላንድ ምን እንደሆነ ማየት ጥሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1845 የድንች በሽታ አየርላንድ ገባ። ከስምንት ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝብ ውስጥ ብዙው ድሃ በድንች ብቻ ይኖር ነበር፤ ምክንያቱም ከሚያርሰው መሬት የሚገኘው አጃ፣ ቅቤና ከብት ለኪራይ ይሄዳል። ባለመሬቱ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝ አገር የሚኖር ወይም የእንግሊዝ ዘር ያለው ጌታ ነበር። ድንቹ ሲበሰብስ አጃው አልበሰበሰም። በወታደር ታጅቦ ወደብ ወረደና ወደ እንግሊዝ ተጫነ። ለንደን ላይ የእርዳታውን ቦርሳ የያዘው ቻርልስ ትሬቬልያን ነጋዴውን መንካት አይገባም የሚል ሰው ነበር፤ ጥፋቱንም የአምላክ እጅ አድርጎ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1847 ደግሞ ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ሰው እርዳታ አይሰጠውም የሚል ሕግ ወጣ። መሬቱን ለቆ ይብላ፣ ወይም መሬቱን ይዞ ይሙት ማለት ነው። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ባሕር ተሻገረ።

አየርላንድን እዚህ ያነሣሁት ለማነጻጸር ያህል ብቻ አይደለም። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ የወሎን ርሃብ ያጠና አንድ ሊቅ የእኛን ነገር ሲመረምር ወደዚያችው ደሴት ይመለሳል።

1880–1884፦ ክፉ ቀን

ሽማግሌዎች ዘመን ሲቆጥሩ «ከክፉ ቀን በፊት» እና «ከክፉ ቀን ወዲህ» ይሉ ነበር። ነገሩ የጀመረው በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች ለጦራቸው ብለው በምፅዋ ባስገቧቸው የታመሙ ከብቶች ነው። በሽታውን ሕዝቡ «ደስታ» አለው፤ ክፉውን በመልካም ስም መጥራት የአገራችን ልማድ ነውና። ደስታ ከትግራይ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ሸዋ ወርዶ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል እንደጨረሰ ይነገራል።

በሬ የሌለው ገበሬ መሬት ቢኖረውም ባዶ እጁን ነው። ዝናብ ሲቀር ደግሞ ተረፈ የተባለውንም አንበጣና ተምች በላው። ቆላ ለቆላ የሚኖረው አፋር ሀብቱ በሙሉ በእግሩ የሚሄድ ስለነበር በጽኑ ተመታ።

ግን ከብቱ ብቻ አይደለም ያለቀው፤ ጎተራውም ቀድሞ ተራቁቶ ነበር። በዚያ ዘመን ጦር ደመወዝ የለውም፤ በሚያልፍበትና በሚሰፍርበት አገር ገባሩ ያበላዋል። ዓመታቱ ደግሞ የዘመቻ ዓመታት ነበሩ። በ1879 ምኒልክ ሐረርን ያዙ። በመጋቢት 1881 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በጥቅምት 1882 ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫኑና በዚያው በጋ ጦራቸውን ይዘው ወደ ትግራይ ወጡ። በርሃብ ዓመት ሠራዊት ሲያልፍ ዘር የተቀመጠበት ጎተራ እንኳ አይተርፍም።

ምኒልክን በዚህ ጉዳይ መኰነን ቀላል አይደለም። በሬ ያለቀበት ገበሬ በመቆፈሪያ እንዲያርስ አዘዙ፤ መኳንንቱ ሥራውን እንዳይንቁ ብለው ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት ፈነቀሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን በ1885 አካባቢ ያወጡት ደንብ ይመስለኛል፤ ወታደሩ በገባር ቤት መስፈሩ ቀርቶ ገበሬው ለጦሩ አሥራት እንዲሰጥ አዘዙ። ይህ ድንጋጌ በራሱ ምስክር ነው። ርሃቡን ያከበደው የወታደር ጉርሻ መሆኑን ቤተ መንግሥቱ አውቆታል ማለት ነው።

ስንት ሰው እንደሞተ የቆጠረ የለም። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚለው ግምት በብዙ መጻሕፍት ተደጋግሟል፤ ቢጋነን እንኳ ከዚያ በኋላ ያለው ትውልድ ባዶ መንደር እየቆጠረ ማደጉ አያከራክርም።

1928–1964፦ አዲስ መንገድ፣ አሮጌ ባለመሬት

ክፉ ቀን ካለፈ በኋላ የአሊዩ አምባ ዕጣ ዞረ። ሐረር ተይዟል፣ አዲስ አበባ ተቆርቁሯል፣ ባቡሩም በድሬዳዋ በኩል መጣ። ግመል ሲሄድበት የኖረው የይፋት ዳገት ለአካባቢው ገበያተኛ ብቻ ቀረ። ጣልያን በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ጣርማ በርን በዋሻ በስቶ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያ በአጣዬና በካራቆሬ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የሚወስድ የመኪና መንገድ ሠራ። ቆላው በአንድ ጊዜ የአገሪቱ ዋና ጎዳና ዳር ሆነ። ይህ መንገድ ወደፊት ብዙ ስለሚያሳየን ልብ ይሏል።

መንገዱ አዲስ ሲሆን መሬቱ ግን በድሮው ሥርዓት ቀረ። ርስት ያለው በየዓመቱ ግብርና አሥራት ይከፍላል። ርስት የሌለው ደግሞ ጭሰኛ ነው፤ ሲሶ ወይም እኩል ለባለመሬቱ ይሰጣል፤ በዓል ሲደርስ በግ ይነዳል፤ በተጠራ ጊዜ ለጌታው ጉልበቱን ይሰጣል። ዓመቱ ጥሩ ከሆነ እስከ መከር ይደርሳል። ዓመቱ ከከፋ አራጣ ይበደራል፤ ርስት ያለውም መሬቱን በወለድ አገድ ያስይዛል። የሚያሳዝነው እዳው ከድርቁ በኋላም አብሮት መኖሩ ነው። በዚህ ላይ በ1951 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ፣ በ1958 ደግሞ በዋግና ላስታ ርሃብ ገባ። የዋጉ ወሬ ከአውራጃ ፖሊስ ተነሥቶ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ወራት ፈጀ። ፋይሉን የሚያጣድፍ ሰው አልነበረም።

በዚሁ ዘመን አዋሽ ዳር ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ኩባንያ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ከፈተ፤ ወደ ላይ ደግሞ የሆላንዶቹ የስኳር እርሻዎች ነበሩ። በልማት ዓይን ሲታይ ያማረ ነው። አፋሩ ግን ያንን የወንዝ ዳር ሣር የሚፈልገው ሌላው ሜዳ ሲደርቅ ነበር። በክረምት ሜዳ፣ በበጋ ወንዝ ዳር፤ ለዘመናት የኖረበት ሥርዓት ይህ ነው። ጥጡ የበቀለው ለክፉ ቀን በተቀመጠው ግጦሽ ላይ ነው። ባለ ግመሉ ድርቅ በሌለበት ዓመት ጉዳቱን ብዙም አላየውም።

1965–1966፦ ዋጋው ሳይንር የተራበ አገር

በ1964 ክረምቱ አነሰ። በ1965 በልጉም ቀረ። ማሽላ የሚዘራው ቆላ ሁለቱንም ዝናብ ስለሚፈልግ ወሎና የሰሜን ምሥራቅ ሸዋ ቆላ፣ ይፋትንና ጥሙጋን ጨምሮ፣ ቀድመው ባዶ ሆኑ። መንግሥት አላወቀም የሚባለው ከቶ አያስኬድም፤ የግብርና ሚኒስቴር የመኸሩን መጥፋት በ1965 መጀመሪያ ላይ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1964፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሰማንያኛ ልደት በድምቀት ተከብሮ ነበር። ከወራት በኋላ ከወሎ የተነሡ ከሺህ በላይ ሰዎች በዋናው ጎዳና በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ፖሊስ ከከተማው በር መለሳቸው። መንገዱ ላይ ሌሎች ደግሞ አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ እንጀራ ይለምኑ ነበር። ሸዋ ሮቢትን የሚያውቅ ሰው ያ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ቆላውን የሚያልፍ ሁሉ በዚያው ነው የሚያልፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በዚያው መንገድ ላይ ርሃብተኛው ወደ ሰሜን ሲመለስ፣ እህል የጫነ መኪና ወደ ደቡብ ያልፍ ነበር። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደነበር ቀደም ብዬ ያነሣሁት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ አሳይቷል። ሴን ያስተዋለው ሁለተኛው ነገር የበለጠ ያስገርማል። በአገሪቱ ጠቅላላ ምርት የቀነሰው ሰባት በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ደግሞ ብዙም አልናረም። ሰው እየሞተ ገበያው ዝም ብሏል።

ይህን የሚያስረዳው ቀላል ነው፤ ገበሬው እህል ሲያጣ ገንዘቡንም አጥቷል። የሚሸጠው ምርት የለው፣ ከብቱ ከስቷል፣ ሥራ የሚቀጥረው የለም። ገበያ ደግሞ የራበውን አይሰማም፤ የሚሰማው የሚከፍለውን ነው። ወሎ ውስጥ የሚከፍል ሲጠፋ እህሉ የሚከፍል ወዳለበት ሄደ። የአየርላንዱ አጃ ወደ እንግሊዝ የተጫነበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ ሴንም ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል።

አፋሩን ተመልከቱት። ድርቅ ሲመጣ ወደ አዋሽ ቢወርድ ጥጥ ቆሞ ጠበቀው። ከብቱ አለቀ። የተረፉትን ፍየሎች ይዞ ወደ ደጋው ገበያ ቢወጣ፣ ሁሉም ሻጭ፣ ሁሉም ፍየል ያዥ ሆኖ አገኘው። የፍየል ዋጋ በእህል ዋጋ ሲለካ ወደቀ። አፋር ሥጋና ወተት ብቻ አይበላም፤ እንስሳ ሸጦ እህል ይገዛል፤ እህል በፍየል ሲለወጥ ደግሞ ከፍየሉ የበለጠ ምግብ ያገኛል። ይህ ልውውጥ ሲዛባ ከብቱ ያልሞተበት አፋርም ራበው። አሊዩ አምባን የመሰሉ ገበያዎች የቆሙት በዚሁ ልውውጥ ላይ ነው፤ በዚያ ዓመት ልውውጡ ራሱ ወጥመድ ሆነ።

መንገድ የለም የሚል ማስተባበያም ነበር። ከሞቱት ብዙዎቹ የሞቱት ግን በአገሪቱ ዋና መንገድ ዳር ነው። የሚገርመው የመንግሥት ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም ያዩትን ይዘው ዝም ማለታቸው ነው፤ መንግሥቱን ላለማስከፋት ብለው። ዝምታውን የሰበሩት በሚያዝያ 1965 ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ ያነሡ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ሥዕሉን አይተው አደባባይ የወጡ ተማሪዎች ናቸው። ግብር ሰብሳቢው ግን በጊዜው ደርሷል። ጭሰኛውም ከባለመሬቱ ነፃ አልወጣም።

በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ «የማይታወቀው ርሃብ» ብሎታል። ዓለም ያኔ ነቃ። ንጉሠ ነገሥቱም በኅዳር ወሎን ጎበኙ። የሟቹን ቁጥር አንዳንዶች ከ40,000 እስከ 80,000፣ ሌሎች እስከ 200,000 ያደርሱታል።

መስከረም 1967፦ በአንድ ምሽት የታየ ፊልም

በአዲስ ዓመት ዋዜማና ማግሥት መሐል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ደርግ የዲምብልቢን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። የርሃብተኛው ሥዕል ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እየተፈራረቀ ቀረበ። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አጠፋ። ተማሪዎች ከአሥር ዓመት በፊት «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡበት ጥያቄ በወረቀት ተመለሰ፤ ይፋት ውስጥ እኩል አራሽ የነበረ ሰው በዚያ ዓመት ያመረተውን ሁሉ ቤቱ አስገባ። ይህን ማሳነስ አይገባም። የሚገርመው ከአሥር ዓመት በኋላ ያው አገር ከቀድሞው የከፋ ርሃብ ማየቱ ነው።

1977፦ ሰባ ሰባት

ባለመሬቱ ሄዶ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መጣ። ድርጅቱ በ1968 ተቋቁሞ ገበሬው ኮታ እንዲያቀርብ በየገበሬ ማኅበሩ ይወሰን ጀመር፤ ዋጋውም ከገበያ በታች ነበር። ኮታው ዓመቱን አይቶ አይቀንስም። ምርት ያጣ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበት አጋጣሚ በብዙ አገር ተመዝግቧል። ድርጅቱ የሰበሰበውን ለሠራዊቱና ለከተማ ቀበሌ ሱቆች ይሰጣል።

ኬላውም ተለወጠ። በንጉሡ ጊዜ ሰውን መልሶ እህል ያሳለፈው ኬላ፣ በደርግ ጊዜ ነጋዴው ከትርፍ አካባቢ እህል ይዞ ወደ ርሃብ አገር እንዳይሄድ ያግዳል። ነጋዴን እንደ ዘራፊ ያየው መንግሥት፣ ሳያስበው ይሁን እያወቀ፣ ድርቅ የመታውን ቆላ ከጎጃምና ከአርሲ እህል ለየው። በተጨማሪም ከበጀቱ ትልቁን የሚበላው በሰሜን የሚካሄደው ጦርነት ነበር፤ እርዳታ ራሱ የጦርነት መሣሪያ ሆነ፤ በአማፅያን እጅ ያለው አገር ሆን ተብሎ ተራበ።

በ1976 አጋማሽ ላይ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ለለጋሾች ጥሪ አቀረበ፤ ምዕራቡ ዓለም ግን ማርክሲስት ለሆነ መንግሥት እጁን ለመዘርጋት አልቸኮለም። በአዲስ አበባ ደግሞ በመስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ሲከበር ከተማው በቀይ ጨርቅ ተሸልሞ ነበር። በጥቅምት 13 የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ከመሐመድ አሚን ጋር ከቆረም ያስተላለፉት ዘገባ ወጣ። ከዚያ ባንድ ኤይድ፣ ሐምሌ ላይ ላይቭ ኤይድ። የዚህ ሁሉ አዘጋጅ ቦብ ጌልዶፍ አየርላንዳዊ ነው። አየርላንድ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ብዙ ከሰጡት አገሮች ተርታ ነበረች። የአያቶቻቸው ትዝታ ምን ያህል እጃቸውን እንደዘረጋ እነሱው ያውቁታል።

ይፋትና ጥሙጋ በሰባ ሰባት በጽኑ ከተመቱት የሸዋ አውራጃዎች አንዱ ነበር። ለቆላው ገበሬ መንግሥት ያቀረበለት መፍትሔ በኅዳር 1977 የታወጀው ሰፈራ ነው። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ በጠቅላላው 600,000 ያህል ሰው ወደ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ወለጋና መተከል ተጫነ። ወዶ የሄደ አለ፤ ለእርዳታ ተሰልፎ ሳለ የተጫነም አለ። ባልና ሚስት የተለያዩበት፣ ልጅ በሌላ አውቶቡስ የቀረበት ብዙ ነው። ቆላ ለምዶ ያደገውን ሰው ጫካና ዝናብ በበዛበት አገር ወባና ሆድ ዕቃ በሽታ ጠበቀው። በጠቅላላው በዚያ ርሃብ ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ሰው ሞተ ይባላል።

1983፦ የተመለሱት

በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ከሰፈራ ጣቢያዎቹ ሰው ወጣ። በእግሩ የተጓዘ ነበር፣ በጭነት መኪና ተሳፍሮ የመጣም ነበር። ሸዋ ሮቢት ደርሶ ወደ መንደሩ የታጠፈ ሰፋሪ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ማሳው ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ትቶት የሄደው መሬት በገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ተሰጥቷል። ለሰፈራ በተመዘገበ ጊዜ ስሙ ከዝርዝሩ ተሰርዞ ነበር። ጎረቤቱ፣ ምናልባትም የአክስቱ ልጅ፣ ያንኑ ማሳ እያረሰ ነው። አዲስ ማመልከቻ አስጻፈ፤ ተራ እንዲጠብቅ ተነገረው፤ እስኪደርሰው ድረስ እኩል ሊያርስ ተዋውሎ የሰው በሬ ጠመደ።